እርግጠኛ የሆነ መርማሪን ምን ይገታዋል? ከቃል አቀባበል እስከ ችሎት የምርመራ ስነ ምግባር

መርማሪ አሠልጣኝ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለመርማሪዎች የሚሰጥ የስነ ምግባር ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ አንድ መልክ አለው። መመሪያው ይነበባል፣ ሰልጣኙ ይፈርማል፣ ሰርተፍኬት ይታደላል፣ በማግሥቱ ሥራው እንደ ቀድሞው ይቀጥላል።

ጉቦ መቀበል፣ በቂም ማሰር፣ ኤግዚቢት መስረቅ ላይ ክርክር የለም። ጥፋት መሆኑን አድራጊውም ያውቀዋል፣ ስለዚህም ይደብቀዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላኛው ዓይነት ነው። ታታሪ ነው፣ ለተጎጂ ይቆረቆራል፣ ተጠርጣሪው እንዳደረገው ከልቡ አምኗል፤ ማስረጃው ግን ትንሽ ጎድሎታል። ያቺን ጉድለት ለመሙላት መልሱን የሚጠቁም አንድ መሪ ጥያቄ ይጠይቃል፣ መዝገቡ ላይ ሰዓት ያሸጋሽጋል፣ ነገሩን የሚያፈርስበትን ምስክር ቃሉን ሳይቀበል ያሰናብታል። የኒው ዮርክን ፖሊስ የመረመረው የሞለን ኮሚሽን በ1994 ባወጣው ሪፖርት (በዚህ ክር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ይሁኑ) ሪፖርት ማዛባትና በመሐላ ቃል ላይ መዋሸት በጣም ከተለመዱት ጥፋቶች መሆኑን ጽፏል። ከአድራጊዎቹ ብዙዎቹ ወንጀለኛን ከመንገድ ማስወገድ ሥራችን ነው ብለው በቅንነት ያምኑ ነበር።

ስለዚህ የትኛው አንቀጽ ምን ይላል ብዬ አልጠይቅም። መርማሪው እርግጠኛ በሆነባት ሰዓት እጁን የሚይዘው አሠራር የትኛው ነው? ሥራውን የምታውቁ ደረጃ በደረጃ፣ የት እንደሚበላሽም ጨምራችሁ ብትጽፉ ለሥልጠናው ይጠቅማል።

---

የቃል ክፍል

መጀመሪያ እርግጠኝነቱ ከየት መጣ ተብሎ ይጠየቅ። ብዙ ጊዜ ምንጩ ማስረጃ ሳይሆን የሰውዬው ሁኔታ ነው፤ «ዓይኑን ሰበረ»፣ «ላብ አጠመቀው»፣ «መልስ ለመስጠት አመነታ»። ሰው ሲዋሽ በአኳኋኑ ይታወቃል የሚለው እምነት በሚገባ ተፈትሿል። በ2006 የታተመና ከ200 በላይ ጥናታዊ ሥራዎችን አንድ ላይ የመዘነ ትንተና ያገኘው አማካይ ትክክለኛነት 54 በመቶ ነው። በዘፈቀደ ከመገመት የሚበልጠው በ4 ነጥብ ብቻ ነው ማለት ነው። ልምድና ሥልጠና ደግሞ በአብዛኛው ከፍ የሚያደርጉት የመርማሪውን በራስ መተማመን እንጂ የግምቱን ትክክለኛነት አይደለም። «እኔ ሰው አውቃለሁ» የሚለውን ከክፍሉ ማስወጣት የመጀመሪያው የስነ ምግባር እርምጃ ነው።

በእንግሊዝና ዌልስ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራበት የቃል አቀባበል ስልት አምስት ደረጃ አለው። በ2021 ይፋ የሆኑት፣ ያለ ማስገደድ ቃል ስለ መቀበል የተጻፉት ዓለም አቀፍ የሜንዴዝ መርሆዎችም በዚሁ መንፈስ የተቃኙ ናቸው። በተግባር እንዲህ ነው፦

ዝግጅት። ወደ ክፍሉ ከመግባት በፊት አንድ ገጽ ይጻፋል። በማስረጃ የታወቀው ምንድን ነው፣ ያልታወቀው ምንድን ነው፣ ወንጀሉን የሚያቋቁሙት ፍሬ ነገሮች የትኞቹ ናቸው? ገጹ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመጨረሻው መስመር ነው፦ ይህን ማስረጃ ሊያስረዳ የሚችል ሌላ ምክንያት ምን ሊሆን ይችላል? ይህ መስመር ባዶ ከሆነ መርማሪው ገና ለመጠየቅ አልደረሰም።

መብትን ማስረዳት። «ገብቶሃል?» «አዎ» የሚለው ልውውጥ ምንም አያረጋግጥም። ተጠርጣሪው በራሱ አነጋገር መልሶ እንዲናገረው ይጠየቅ። ዝም የማለት መብትን «ካልተናገርኩ ይፈርዱብኛል» ብሎ የሚተረጉም ሰው ብዙ ነው።

ቃሉን መስማት። «ከጠዋት ከተነሣህበት ጀምሮ እስከ ማታ ያለውን ሁሉ ንገረኝ» ይባላል፤ ከዚያ ማቋረጥ የለም። ዝምታ ሲመጣ መርማሪው በጥያቄ አይሞላውም። ቀጥሎ ርዕስ በርዕስ ይብራራል። ማስረጃው የሚቀርበው ከዚህ በኋላ ነው። ቀድሞ ከቀረበ ሁለት ጉዳት አለው፤ ጥፋተኛው ታሪኩን በማስረጃው ልክ ይሰፋዋል፣ ንጹሑ ደግሞ የማያውቀውን ዝርዝር ከመርማሪው ይማራል።

መዝጋት። የተባለው በአጭሩ ይነበብለታል፣ የሚያርመው ካለ ያርማል፣ ቀጣዩ ምን እንደሆነ ይነገረዋል።

መመዘን። የተናገረው እያንዳንዱ ነገር ይጣራል፣ በተለይ «እዚያ አልነበርኩም» ያለው። አልነበርኩም የሚለውን ቃል ሳያጣራ መዝገብ የሚያሳልፍ መርማሪ ግማሹን ሥራ ትቶታል።

የሰዓቱ ነገር ለብቻው ሊጻፍ ይገባዋል። በ2004 የታተመ ጥናት ሐሰትነታቸው የተረጋገጡ 125 የእምነት ቃሎችን መርምሯል። የምርመራው ርዝመት በታወቀባቸው መዝገቦች አማካዩ 16.3 ሰዓት ነበር። እንቅልፍ ያጣ፣ የደከመ፣ ከቤተሰቡ የተለየ ሰው ከነገ ይልቅ የዛሬዋ ስቃይ ትከብደዋለች። «ልመንና ልውጣ፣ እውነቱን ለዳኛ እነግራለሁ» ብሎ ያምናል። የእንግሊዝ የአሠራር ደንብ በ24 ሰዓት ውስጥ 8 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት፣ በምርመራ ላይም በየ2 ሰዓቱ ገደማ ማረፊያ እንዲኖር ያዛል። ከዚህ ያለፈ ምርመራ ለመርማሪውም አይጠቅምም፤ የሚገኘው ቃል ራሱ የተበላሸ ነው።

---

ሰባተኛ ዴስክ

ያላችሁት በወረቀት ላይ ያምራል። ሥራው ላይ ግን መዝገብ ተቆልሎ፣ የተጎጂ ቤተሰብ በር ላይ ቆሞ፣ ፍርድ ቤት የሰጠው የምርመራ ቀን ሊያልቅ ሲል ነው የሚሠራው። የድምፅ መቅጃ ያለው የምርመራ ክፍል በሌለበት ጣቢያ አምስት ደረጃ ምን ይፈይዳል? ሌላው፣ ልምድ ያለው ወንጀለኛ ዝም ማለትን ከማንም በላይ ያውቅበታል። በጨዋነት ብቻ የሚሰበር አይደለም።

ደግሞ ሁሉም የእምነት ቃል ተጠርጣሪ ተገዶ የሰጠው ነው አትበሉ። ሰውዬው አምኖ፣ መርቶ አሳይቶ፣ ዕቃው የተቀበረበትን በጣቱ ካመለከተ በኋላ ሌላ ምን ይፈለጋል?

---

ተከላካይ

ወንድሜ ሰባተኛ ዴስክ፣ የሥራ ጫናውን ማንም አይክድም። መርቶ ማሳየቱን ግን ቀረብ ብለን እንየው፤ ብዙ የተሳሳተ ፍርድ የተጣበቀው እዚያ ላይ ነው።

መርቶ ማሳየት ማስረጃ የሚሆነው ተጠርጣሪው ፖሊስ ያላወቀውን ቦታ ሲያሳይ ብቻ ነው። ዕቃው ቀድሞ ተገኝቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ መርማሪው ቦታውን እያወቀ፣ ከዚያ ተጠርጣሪው በመኪና ተወስዶ «አሳይ» ቢባል የታየው የፖሊስ እውቀት ነው። መኪናው ወዴት እንደዞረ፣ ማን እንደቀደመ፣ «እዚህ ነው አይደል?» የተባለበት ጊዜ በመዝገቡ ላይ አይገባም። ስለዚህ ለመርማሪው የምመክረው ይህ ነው። ገና ከወንጀሉ ቦታ ሁለት ወይም ሦስት ዝርዝር ይመረጥ፣ በታሸገ ፖስታ ቀንና ሰዓት ተጽፎበት ይቀመጥ፣ ለጋዜጠኛም ለባልደረባም አይነገር። ቃል የሚቀበለው ሰው ባያውቃቸው ደግሞ የበለጠ ይመረጣል። ተጠርጣሪው እነዚያን ሳይመራ ከተናገረ ቃሉ ክብደት አለው። ካልተናገረ ወይም ከተሳሳተ ያም በመዝገቡ ይገባል። መሳሳቱን መዝለል ነው ስነ ምግባሩን የሚያፈርሰው።

በ1989 በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ አንዲት ሯጭ ሴት ተደብድባ በተደፈረችበት ጉዳይ የተያዙት አምስቱ ልጆች ከ14 እስከ 16 ዓመት ነበሩ። በቪዲዮ የተቀዳው የመጨረሻው የእምነት ቃል እንጂ ከዚያ በፊት የነበሩት ረጅም ሰዓታት አልነበሩም። ቃሎቹ ወንጀሉ የት፣ መቼ፣ እንዴት እንደተፈጸመ እርስ በርስ ይጋጩ ነበር። በቦታው የተገኘው ዲኤንኤም ከአንዳቸውም ጋር አልገጠመም። እንዲያም ሆኖ ተፈረደባቸው። በ2002 ትክክለኛው ፈጻሚ አመነ፣ ዲኤንኤው የእርሱ ሆኖ ተገኘ፣ ፍርዱም ተሻረ። የሚጋጩትን ቃሎች ማንም ሰው ጎን ለጎን ዘርግቶ ቢያነብ ኖሮ ጥያቄው በ1989 ይነሣ ነበር።

ከዚህ የባሰው የጃፓኑ የኢዋዎ ሐካማዳ ጉዳይ ነው። በ1966 በግድያ ተጠርጥሮ ተይዞ 20 ቀን ያህል፣ በቀን በአማካይ 12 ሰዓት ገደማ ተመረመረ። ለፍርድ ቤት 45 የጽሑፍ የእምነት ቃሎች ቀረቡ፤ ፍርድ ቤቱ 44ቱን ጥሎ አንዱን ተቀበለ። ግድያው ከተፈጸመ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ከሚሶ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ የጃፓን ማጣፈጫ ሊጥ) ማብላያ ገንዳ ውስጥ ደም የነካቸው አምስት ልብሶች ወጡ። ሱሪው ሲለካ ለሰውዬው ጠበበው። የደሙም ቀለም ቀላ ያለ ነበር፤ ከዓመት በላይ በሚሶ ውስጥ የቆየ ደም ግን መጥቆር ነበረበት። በ1968 ሞት ተፈረደበት፣ ንጹሕ ነው ተብሎ የተፈረደለት በመስከረም 2024 ነው። የድጋሚ ችሎቱ ፍርድ ቤት የእምነት ቃሉም ልብሶቹም በመርማሪዎች የተፈበረኩ ናቸው ብሎ ወሰነ። ከ45 ቃሎች 44ቱ የማይታመኑ ከሆኑ አርባ አምስተኛው ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ የዳኛም ግዴታ ነበር።

ዝም ስለሚለው ወንጀለኛ፦ ዝም ካለ ማስረጃውን ከሌላ ቦታ መፈለግ ነው። የስልክ መዝገብ፣ ካሜራ፣ የገንዘብ ዝውውር፣ ጎረቤት። በእምነት ቃል ላይ የቆመ መዝገብ ተጠርጣሪው ችሎት ቀርቦ «ተገድጄ ነው» ባለ ዕለት ይፈርሳል። በሌላ ማስረጃ የቆመው ግን አይነካም። የተጎጂን ቤተሰብ የሚክሰውም ይኸኛው ነው።

መቅጃ ስለሌለው ጣቢያ፦ የምርመራ ክፍል እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም። ተራ የድምፅ መቅጃ ይበቃል፤ ሁኔታው ግን ይከበር። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ሳይቋረጥ ይቀዳል። ሲቋረጥ ሰዓቱና ምክንያቱ በድምፅ ይነገራል፣ ሲቀጥልም እንዲሁ። በዕረፍት ጊዜ ስለ ጉዳዩ የተባለ ነገር ካለ ሲመለሱ ተጠርጣሪው በመቅጃው ላይ እንዲያረጋግጠው ይጠየቃል። ሁለት ቅጂ ይዘጋጅና አንዱ ተጠርጣሪው ባለበት ይታሸጋል፣ እርሱም ይፈርምበታል። ያልተቀዳ «ቅድመ ውይይት» ካለ ግን የቀረው ቅጂ ሁሉ ልብስ ማልበስ ነው።

ልጆችንና የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች ያለ ወላጅ፣ አሳዳጊ ወይም ገለልተኛ አዋቂ መጠየቅ ፈጽሞ አይገባም። እንግሊዝ በ1984 ያወጣችው የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ መነሻው በ1972 የተፈጸመው የኮንፌይት ግድያ ነው። ከተከሰሱት ሦስት ወጣቶች አንዱ የአእምሮ ውስንነት ነበረበት። የሰጡት ቃል ሟቹ ከሞተበት ሰዓት ጋር የማይሄድ መሆኑ ኋላ ላይ ታውቆ በ1975 ፍርዱ ተሻረ።

---

ነጭ ጋዋን

ከሕክምናው በኩል አጭር ነገር ልጨምር።

ተጠርጣሪ ወደ ማረፊያ ቤት ሲገባና ሲወጣ በሐኪም ቢታይ ተጠርጣሪውንም በሐሰት የሚወነጀለውን ፖሊስም ይጠብቃል። ምርመራው ዋጋ የሚኖረው ግን ፖሊስ በማይሰማበት ርቀት ከተደረገ ነው። ለደኅንነት ካስፈለገ ሊታይ ይችላል፣ ሊሰማ ግን አይገባም። «ጤነኛ ነው» የሚል አንድ መስመር ማስረጃ አይደለም። ቁስል ካለ ቦታው፣ በሚሊሜትር ስፋቱ፣ ቅርጹ፣ ቀለሙ፣ ጠርዙ ይጻፋል። ፎቶው አንድ ከሩቅ፣ አንድ ከቅርብ፣ መለኪያ ማስመሪያ አጠገቡ ተደርጎ ይነሣል። ሰውዬው እንዴት ደረሰብኝ እንዳለም በራሱ አባባል በጥቅስ ይገባል።

በ1999 የወጣውና በ2022 የታደሰው የኢስታንቡል ፕሮቶኮል (ማሰቃየትን ለመመርመርና ለመመዝገብ የሚያገለግል የተባበሩት መንግሥታት መመሪያ) ሐኪሙ በቁስሉና በተነገረው መካከል ያለውን ዝምድና ከ«አይጣጣምም» እስከ «ሌላ ምክንያት ሊኖረው አይችልም» ባሉ አምስት እርከኖች እንዲገልጽ ይጠይቃል። ከበለዘ ቀለም ብቻ ተነሥቶ «የሦስት ቀን ነው» ማለት ግን ጥንቃቄ ይሻል። የቀለም ለውጥ ከሰው ሰው፣ ከቆዳ ቆዳ ይለያያል። ምልክት አለመኖሩም ድብደባ አልነበረም ማለት አይደለም። ሪፖርት ውስጥ በጣም የሚጎዳው ስህተት ይህ የመጨረሻው ነው።

---

ማይክሮስኮፕ

በላቦራቶሪው በኩልም እርግጠኝነት ከምርመራ ክፍሉ ተሻግሮ ይመጣል። ኤግዚቢቱን የሚያመጣው መኮንን «ሰውዬው አምኗል፣ ማረጋገጫ ነው የምንፈልገው» ብሎ በደብዳቤው ላይ ከጻፈ ባለሙያው ገና ማይክሮስኮፑን ሳይነካ አዘንብሏል።

የብራንደን ሜይፊልድ ጉዳይ ለዚህ ይጠቀሳል። በመጋቢት 2004 ከማድሪዱ የባቡር ፍንዳታ በኋላ ፈንጂ ማቀጣጠያ በያዘ ከረጢት ላይ አሻራ ተገኘ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባለሙያዎች አሻራው የዚህ የኦሬገን ጠበቃ ነው አሉ። የስፔን ፖሊስ ጥርጣሬውን ቢገልጽም ሰውዬው ለሁለት ሳምንት ያህል ታሰረ፤ የወጣው ስፔኖች አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን ሲያረጋግጡ ነው። ኤፍቢአይ ይቅርታ ጠየቀ። ቆይቶ የተደረገው ማጣራት ካገኛቸው ምክንያቶች አንዱ ባለሙያዎቹ የሰውዬውን አሻራ ካዩ በኋላ ተመልሰው በደበዘዘው አሻራ ላይ መጀመሪያ ያላዩትን ነጥብ «ማየት» መጀመራቸው ነው። ሁለተኛው አረጋጋጭም የመጀመሪያውን ውጤት እያወቀ ነበር የተቀመጠው።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፣ ቅደም ተከተል ነው። ከቦታው የተነሣው አሻራ መጀመሪያ ለብቻው ይተነተናል፣ የታዩት ነጥቦች ይጻፋሉ፣ ቀንና ሰዓት ይገባል፣ ፊርማ ይደረጋል። የተጠርጣሪው አሻራ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቀጥሎ የሚጨመር ነጥብ ካለ «ከማነጻጸር በኋላ የታየ» ተብሎ ይለያል። አረጋጋጩ የመጀመሪያውን ውጤት አያውቅም። ወደ ላቦራቶሪ በሚሄደው ቅጽ ላይ የሚጻፈው ምን እንደሚመረመር እንጂ ተጠርጣሪው አመነ ወይም የወንጀል ሪከርድ አለው የሚል አይደለም።

ኤግዚቢት ስለ ማሸግ፦ ደም ወይም ሌላ የሰውነት ፈሳሽ የነካው ልብስ በላስቲክ አይታሸግም፣ እርጥበቱ ታፍኖ ዲኤንኤውን ያበላሸዋል። ይናፈስና በወረቀት ከረጢት ይገባል። የተጠርጣሪና የተጎጂ ልብስ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ጓንት አይነካም። እሽጉን የሚከፍተው ሰው የድሮውን ማኅተም አይቆርጥም፤ በሌላ በኩል ከፍቶ፣ መልሶ አሽጎ፣ በላዩ ይፈርማል። በርክክብ ቅጹ ላይ ያለ የሁለት ሰዓት ክፍተት ብዙ ጊዜ ተንኮል የለበትም፣ ምሳ ሰዓት ነው። ችሎት ላይ ግን ምሳና ተንኮል አይለዩም።

የላቦራቶሪ ሰው ሲዋሽ ጉዳቱ በአንድ መዝገብ አይቆምም። በማሳቹሴትስ አንዲት ኬሚስት ያልመረመረቻቸውን ናሙናዎች እንደመረመረች አድርጋ ስትጽፍ ቆይታ በ2012 ተጋለጠች። በ2017 ከ21,000 በላይ የአደንዛዥ ዕፅ ክሶች ተሰረዙ። ከሌሎቹ ባለሙያዎች እጅግ የበዛ ናሙና ታስረክብ ነበር። ያ ፍጥነት ምርመራ ማስነሣት ሲገባው ትጋት ተብሎ ታለፈ።

---

ሰባተኛ ዴስክ

መርቶ ማሳየቱ ላይ የተባለውን እቀበላለሁ። የታሸገው ፖስታ ነገር ቀላልና የሚሠራ ነው።

ማስመረጥ ላይስ? ተጠርጣሪን ከሌሎች ጋር አሰልፎ ለምስክር ማሳየት በብዙ መዝገብ ወሳኝ ነው። ጉዳዩን የማያውቅ መኮንን ያስመርጥ ይባላል፤ ሁለት መርማሪ ባለበት ጣቢያ የማያውቅ ከየት ይመጣል?

---

የቃል ክፍል

ጥሩ ጥያቄ ነው። በአሜሪካ በዲኤንኤ ነጻ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ 375 ሰዎች 69 በመቶ ያህሉ መዝገብ ላይ የዓይን ምስክር ስህተት ነበረበት። ከማናቸውም ምክንያት ይበልጣል። እነዚህ ምስክሮች በአብዛኛው ውሸታሞች አልነበሩም።

በፎቶ ሲሆን ለትንሽ ጣቢያ የሚሆን ዘዴ አለ። የተጠርጣሪው አንድ ፎቶና ቢያንስ አምስት የሌሎች ሰዎች ፎቶ እያንዳንዱ በየራሱ ተመሳሳይ ዶሴ ውስጥ ይገባል፣ ጥቂት ባዶ ዶሴዎች ይጨመራሉ፣ ይበወዛሉ። ምስክሩ አንድ በአንድ ለብቻው ይከፍታል። መርማሪው በየትኛው ዶሴ ማን እንዳለ አያይም። ጉዳዩን ቢያውቅም የትኛውን እንዳየ ስለማያውቅ በዓይኑም በትንፋሹም ሊጠቁም አይችልም።

የቀረው እንዲህ ነው። የሌሎቹ ፎቶ የሚመረጠው ምስክሩ መጀመሪያ ከሰጠው መግለጫ ጋር እንዲገጥም ነው። ምስክሩ «ጠባሳ ያለበት» ካለና ጠባሳ ያለው ተጠርጣሪው ብቻ ከሆነ ይህ ማስመረጥ ሳይሆን ማሳየት ነው፤ ወይ የሁሉም ፊት በዚያ ቦታ ይሸፈናል ወይ ተመሳሳይ ይደረጋል። አንድ ተጠርጣሪ በአንድ ሰልፍ። ምስክሩ ከመጀመሩ በፊት «ሰውዬው ሊኖርም ላይኖርም ይችላል፣ ባትመርጥም ምርመራው ይቀጥላል» ይባላል፤ ይህች ዓረፍተ ነገር ብቻዋን ብዙ የስህተት ምርጫ ታስቀራለች። ሲመርጥ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ በዚያው ቅጽበት፣ በራሱ አባባል ይጻፋል። «ይመስለኛል» ካለ «ይመስለኛል» ነው የሚገባው።

ከዚያ በኋላ «ጎበዝ፣ ልክ ነህ» ማለት ክልክል ነው። ማበረታቻ ያገኘ ምስክር ያኔ የነበረውን ጥርጣሬ ይረሳዋል፤ ችሎት ሲቀርብ «ከመጀመሪያውም አልተጠራጠርኩም» የሚለው ሳይዋሽ ነው። በሰሜን ካሮላይና ሮናልድ ኮተን በ1985 የተፈረደበት በዚህ መንገድ ነው። ተጎጂዋ ከፎቶዎች መካከል ብዙ ካመነታች በኋላ መረጠችው፣ በጎ ማበረታቻ ተሰጣት፣ ቀጥሎ በአካል በተደረገው ሰልፍ ከፎቶዎቹ ተደግሞ የቀረበው እርሱ ብቻ ነበር። ኋላ ላይ ትክክለኛው ፈጻሚ ችሎት ቀርቦ ፊቷ ሲቆም አላወቀችውም። ኮተን በዲኤንኤ የተፈታው በ1995 ነው። ስለዚህ አንድን ተጠርጣሪ ለአንድ ምስክር ሁለት ጊዜ አታሳዩ። ሁለተኛው ጊዜ የሚፈተነው የመጀመሪያው ፎቶ ትዝታ ነው።

---

የክስ መዝገብ

ከዐቃቤ ሕግ ጠረጴዛ ሲታይ ደግሞ ትልቁ ጥፋት መዝገቡ ውስጥ ያለው ሳይሆን ያልገባው ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1963 በብራዲ ጉዳይ ተከሳሹን የሚጠቅም ማስረጃ መደበቅ ፍትሐዊ ሂደትን እንደሚጥስ ወስኗል፣ የደበቀው ሰው በቅንነትም ይሁን በክፋት። ይህ መጨረሻው ላይ ያለው ሐረግ ለዚህ ክር በትክክል ይሠራል፣ ቅንነት ሰበብ አይሆንም።

አሠራሩ ይህ ነው። መርማሪው ከሚያቀርበው ማስረጃ ዝርዝር ጎን ሁለተኛ ዝርዝር ያዘጋጃል፦ የተሰበሰበ ግን ለክሱ ያልዋለ ነገር ሁሉ። ቃሉ ያልተፈለገው ምስክር፣ ያልገጠመው አሻራ፣ ሌላ ሰው የጠቆመ ጥቆማ፣ ምንም ያላሳየው ካሜራ፣ ለምስክር የተገባ ማናቸውም ቃል ወይም ጥቅም። እያንዳንዱ በሚለይ መግለጫ ይጻፋል። «ልዩ ልዩ ሰነዶች» ተብሎ የተጠቃለለ መስመር ካለ መዝገቡ ይመለስ። የስልክ ይዘት ላይ ደግሞ ማን፣ በምን ቁልፍ ቃል፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደፈለገ ይገለጽ። በእንግሊዝ በ2017 መጨረሻ አንድ የአስገድዶ መድፈር ክስ ችሎቱ ከተጀመረ በኋላ ፈርሷል። ፖሊስ በያዘው ስልክ ውስጥ ከነበሩት 40,000 ገደማ መልእክቶች መካከል ተከሳሹን የሚጠቅሙት ለተከላካዩ ሳይሰጡ ቆይተው ነበር።

አለቆች የሚለኩበትንም እናንሣ። መርማሪ «በወር ስንት መዝገብ አስፈረድክ» ተብሎ ከተለካ ሁለተኛውን ዝርዝር በሐቀኝነት የሚሞላው ራሱን ለመጉዳት ነው። የሚለካው ሌላ ይሁን። ስንቱ ቃል ሙሉ በሙሉ ተቀድቷል፣ ስንቱ «አልነበርኩም» ተጣርቷል፣ በየመዝገቡ ሌላ ተጠርጣሪ ታስቦ ውድቅ የተደረገበት ምክንያት ተጽፏል ወይ? ማስረጃ በቂ ስላልሆነ መዝገብ እንዲዘጋ ሐሳብ ያቀረበ መርማሪ እንደ ሰነፍ መታየት የለበትም።

---

ጀማሪ

ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። አለቃ «ሰዓቱን አስተካክለው» ወይም «ያንን ወረቀት አውጣው» ቢል የታች ሰው ምን ማድረግ ይችላል? እምቢ ማለት ትእዛዝ አለማክበር ሆኖ አይቆጠርም?

---

የውስጥ ቁጥጥር

ጥያቄህ ሁሉም የሚፈራው ነው፣ ስለዚህ በዝርዝር ልመልስ።

ሕገ ወጥ ትእዛዝን መፈጸም ከኃላፊነት አያድንም። የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ማሰቃየት ስምምነት የበላይ ትእዛዝ ለማሰቃየት ምክንያት ሊሆን እንደማይችል በአንቀጽ 2 ይናገራል። በ1979 የጸደቀው የዚሁ ድርጅት የሕግ አስከባሪዎች የስነ ምግባር ደንብም በአንቀጽ 8 ጥሰት ያየ መኮንን ለአለቆቹ፣ ካስፈለገም ሥልጣን ላለው ሌላ አካል እንዲያሳውቅ ያዛል።

በተግባር ግን «እምቢ» ብሎ መጋፈጥ የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም። መጀመሪያ ነገሩን መልሰህ በግልጽ ጠይቅ፦ «የገባበት ሰዓት 3 ሰዓት ተብሎ ተመዝግቧል፣ 5 ሰዓት አድርገው ነው የሚሉኝ?» ብዙ አለቃ ትእዛዙን በግልጽ ቃል ሲሰማው ይተወዋል። ካልተወ «እባክዎ በጽሑፍ ይስጡኝ» በል። ሁለተኛ፣ ትክክለኛ እርማት የሚሠራበትን መንገድ አቅርብ። በመዝገብ ላይ የተሳሳተ ነገር በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ከሥሩ ያለው መነበብ አለበት፣ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፣ የአራሚው ስም፣ ቀን፣ ሰዓትና ምክንያት ይገባል። እውነተኛ ስህተት ከሆነ ይህ ይበቃዋል። ይህን የማይቀበል አለቃ የሚፈልገው ነገር ማረም አይደለም።

ገጽ መቅደድ፣ መደለዝ፣ አዲስ ወረቀት ላይ ገልብጦ የድሮውን ማስወገድ ፈጽሞ አይደረግም። ቢደረግም ተደብቆ አይቀርም። በእንግሊዝ በበርሚንግሃም መጠጥ ቤቶች ፍንዳታ ተከሰው በ1975 ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው ስድስት ሰዎች በ1991 ሲፈቱ ከምክንያቶቹ አንዱ በወረቀት ላይ የቀረ የብዕር ጫና ነው። በላይኛው ገጽ ላይ ሲጻፍ ከሥሩ ባለው ገጽ የሚቀረውን ለዓይን የማይታይ ጉድጓድ በኤሌክትሪክ የሚያወጣ መሣሪያ አለ። በዚያ ሲታይ ቃሉ ሲሰጥ በቅጽበቱ ተጻፉ የተባሉት የምርመራ ማስታወሻዎች እንደተባለው እንዳልተጻፉ ታወቀ። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ያለ ፋይል መቼ እንደተነካ ከዚያ በቀለለ ይታያል።

ሦስተኛ፣ በዚያው ዕለት ማስታወሻ ጻፍ። ማን፣ በስንት ሰዓት፣ የት፣ ምን ቃል ተናገረ፣ ማን ነበረ፣ አንተ ምን መለስክ። «ሊያጠፋው ፈልጎ ነው» የሚል ግምት አታስገባ፣ ያየኸውንና የሰማኸውን ብቻ። የምርመራ መዝገቡን ወይም ቅጂውን ግን ወደ ቤት አትውሰድ። ያኔ ጥፋተኛው አንተ ትሆናለህ፣ ነገሩም ከመዝገቡ ወደ አንተ ይዞራል። የመዝገብ ቁጥሩንና የገጹን ቁጥር መጻፍ ይበቃል።

አራተኛ፣ አቤቱታው የሚሄደው ከዚያ አለቃ የዕዝ መስመር ውጭ ወዳለ ነው፤ የውስጥ ምርመራ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ነጻ የአቤቱታ ተቋም። አቤቱታው ዞሮ ወደ ተከሰሰው ሰው ጠረጴዛ የሚመለስበት አሠራር ካለ ተቋሙ ጠቋሚ እንደሌለው ይቁጠረው። መርማሪ አሠልጣኝ፣ ሥልጠናውን ለአለቆች ስትሰጡ ይህን አስቀድሙት። ጥቆማ ከደረሰ በኋላ የጠቋሚው ዝውውር፣ የተረኛነት ለውጥና የሥራ አፈጻጸም ምዘና ለተወሰኑ ወራት ከሌላ ኃላፊ ፈቃድ ውጭ አይነካ። ብቀላ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በግልጽ ቅጣት ሳይሆን በእነዚህ በሦስቱ ነው።

---

ተከላካይ

የውስጥ ቁጥጥር ያሉት ላይ አንድ ነገር። ጀማሪ፣ ያንን ማስታወሻ ስትጽፍ ገጾቹ ቁጥር ባለው የተሰፋ ደብተር ላይ ይሁን፣ በመስመሮች መካከል ባዶ ቦታ አትተው። ችሎት ላይ በመስቀለኛ ጥያቄ መጀመሪያ የሚጠየቀው መቼ እንደጻፍከው ነው፤ ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ከዚያ በኋላ ምን እንደጨመርክበት ነው።